ጠፍቷል ወይስ ጠፍቶብናል?

ከሌሊቱ 6 ሰዓት ሊሆን ጥቂት ሲቀረው ስልክ ከጮኸ፣ አዲስ አበባ ውስጥ መጀመሪያ የሚታሰበው መርዶ ነው። አጎትየው ከአልጋቸው ወርደው ስልኩን እስኪያነሱ ድረስ የዘመዶቻቸውን ስም አንድ በአንድ በልባቸው ቆጥረዋል። የደወለችው ሜሪላንድ የምትኖረው የእህታቸው ልጅ ናት። ከእሳቸው ይልቅ የደነገጠችው እሷ ነበረች።

«ጋሼ፣ ደህና ነዎት? ቤቱ እኮ ጠፋብኝ!»

ቤቱ የትም አልሄደም። አጎትየው እንደ ወትሯቸው ማታ 4 ሰዓት ላይ ቴሌቪዥኑን፣ ሪሲቨሩንና ራውተሩን የያዘውን ዲቫይደር አጥፍተው ተኝተዋል። እሷ ደግሞ እዚያ ከቀትር በኋላ ከስብሰባ ወጥታ፣ ባለፈው ክረምት መጥታ የገጠመችላቸውን ስማርት ቤት በስልኳ ልትከፍት ብትሞክር አልከፈት አላት። ሦስት ጊዜ ሞከረች። በእነዚያ ጥቂት ደቂቃዎች ውስጥ ያሰበችውን እስከ ዛሬ ለማንም አልተናገረችም።

ለገና ስትመጣ ሻንጣዋን ሳትፈታ ላፕቶፗን ከዲቫይደሩ አጠገብ ዘረጋች። አጎትየው በኤሌክትሪክ ሥራ ከ30 ዓመት በላይ ቆይተው ጡረታ የወጡ ናቸውና ወንበር ስበው፣ ቴስተራቸውን ይዘው አጠገቧ ተቀመጡ። እስከ ማታ የዘለቀው ጨዋታቸው በአንድ ጥያቄ ዙሪያ ነበር፤ አብዛኛው ዕቃ ጠፍቶ የሚውልበት ቤት እንዴት ሆኖ ነው ስማርት የሚሆነው?

«አንድ ነገር አስቀድመን እንቁረጥ» አሉ አጎትየው። «ዲቫይደሩን ማጥፋት አልተውም። ዕቃ ቆሞም ይበላል። 10 ዋት እየሳበ የሚጠብቅ አንድ ዕቃ በዓመት 87.6 ኪሎዋት ሰዓት ይቆጥራል፤ ያውም ምንም ሳይሠራ። አለን ማየር የሚባል የካሊፎርኒያ ተመራማሪ ዕቃ ሁሉ ሲጠብቅ ከ1 ዋት በላይ አይብላ ብሎ እ.ኤ.አ. በ1998 ሐሳብ ያቀረበው፣ ዓለም አቀፉ የኢነርጂ ኤጀንሲም በዓመቱ የተቀበለው ይህን ስላዩ ነው። አውሮፓውያን እ.ኤ.አ. ከ2013 ወዲህ ለአብዛኛው የቤትና የቢሮ ዕቃ ሲጠፋ የፈቀዱለት 0.5 ዋት ብቻ ነው። እዚህ ደግሞ የቮልቴጁ ጉዳይ አለ። መብራት ሄዶ ሲመለስ ድንገት ከፍ ብሎ ከመጣ የሚያቃጥለው የተሰካውን ነው።»

«እንዲተዉ ልለምንዎት አልመጣሁም» አለች ልጅቷ። «እርስዎ ልክ ነዎት። የተሳሳተው የእኔ ሥራ ነው። ሁሉም ዕቃ ሁልጊዜ ነቅቶ ይኖራል ብዬ ነው የገጠምኩት። እኔ ቤት በሪሞት የጠፋ ቴሌቪዥን እንኳ ከኔትወርኩ አይወጣም፤ ሲጠሩት ይሰማል። እዚህ ግን ማጥፋት ማለት ኃይሉን ከሥሩ መቁረጥ ነው።»

የገጠመችው ፕሮግራም ሆም አሲስታንት ይባላል። ፓውሉስ ስኻውትሰን የተባለ ሆላንዳዊ እ.ኤ.አ. በ2013 የጀመረው፣ ኮዱ ለማንም ክፍት የሆነ ሥራ ነው፤ እ.ኤ.አ. ከ2024 ጀምሮ በኦፕን ሆም ፋውንዴሽን ሥር ይገኛል። በአጎትየው ቤት የሚሠራው ራስበሪ ፓይ በምትባል የመታወቂያ ካርድ የምታክል ኮምፒዩተር ላይ ነው። መረጃው እዚያው ቤት ውስጥ ይቀራል፤ ኢንተርኔት ቢቋረጥም ሥራው አይቆምም። ከየዕቃው ጋር የሚነጋገረው በየራሱ ማገናኛ ሲሆን ባለሙያዎቹ ኢንተግሬሽን ይሉታል። ችግሩ የሚጀምረው ማገናኛው ዕቃውን ጠርቶ መልስ ሲያጣ ነው።

ልጅቷ የላፕቶፑን ስክሪን ወደ አጎቷ አዞረችው። ገጹ በ«አይገኝም» ተሞልቷል፤ ቴሌቪዥኑ አይገኝም፣ ሪሲቨሩ አይገኝም፣ ፕሪንተሩ አይገኝም፣ የሳሎኑ አምፖል አይገኝም።

«ፕሮግራሙ ‹ጠፍቷል› እና ‹አይገኝም› የሚሉትን ለይቶ ነው የሚያውቃቸው» አለች። «ጠፍቷል ካለ፣ ዕቃውን ጠይቄው አዎ ጠፍቻለሁ ብሎኛል ማለቱ ነው። አይገኝም ካለ ደግሞ፣ ብጠራው አልመለሰልኝም፣ ምን እንደሆነ አላውቅም ማለቱ ነው።»

አጎትየው መነጽራቸውን አውልቀው አሰቡ። «በእኛ ቋንቋ ግን ሁለቱም ጠፋ ነው። መብራቱ ጠፋ እንላለን፤ በጉ ጠፋ እንላለን። ወር ያላየነውን ወዳጅ ‹ምነው ጠፋህ?› እንለዋለን። ማብሪያውን የዘጋም አጠፋ ይባላል፤ የበደለም አጠፋ ይባላል።»

«የዚህ ቤት ችግር ልክ እሱ ነው፣ ጋሼ! እርስዎ ያጠፉትን ዕቃ ፕሮግራሙ እንደጠፋ በግ ይፈልገዋል፤ ፈልጎ ሲያጣው ደግሞ እንደ ጥፋት ይመዘግበዋል።»

ፍለጋው ምን ያህል እንደሆነ ለማሳየት ስሌት ሠራችላቸው። አንድ ማገናኛ ዕቃውን በየ30 ሰከንዱ ቢጠይቅ በቀን 2,880 ጊዜ ይጠይቃል። የአጎትየው ቴሌቪዥን በቀን 4 ሰዓት ቢበራ፣ ከእነዚህ ጥያቄዎች 2,400ዎቹ መልስ አያገኙም። በአግባቡ ያልተሠራ ማገናኛ እያንዳንዱን ያልተመለሰ ጥያቄ ስህተት ብሎ በመዝገቡ ላይ ይጽፋል። እንዲህ ያሉ ሦስትና አራት ዕቃዎች ሲኖሩ መዝገቡ በአንድ ቀን ይሞላና፣ በመሃሉ የተጻፈውን አንድ እውነተኛ ብልሽት የሚያየው ሰው አይኖርም።

«ሰው የሌለበትን ቤት በየ30 ሰከንዱ እንደሚያንኳኳ ጎረቤት ማለት ነው» አሉ አጎትየው። «ታዲያ ሁሉም እንዲህ ናቸው?»

«አይደሉም። ሆም አሲስታንት ለማገናኛዎቹ ነሐስ፣ ብር፣ ወርቅ፣ ፕላቲነም እያለ የጥራት ደረጃ ይሰጣል። የብር ደረጃ ለማግኘት ከሚጠየቁት ነገሮች አንዱ፣ ዕቃው ሲጠፋ አንድ ጊዜ፣ ሲመለስም አንድ ጊዜ ብቻ መመዝገብ ነው። ሲነሳ ዕቃውን ያጣ ማገናኛም ተስፋ ቆርጦ አይተወውም፤ መጠበቂያውን እያረዘመ ደግሞ ይሞክራል። በዚህ ደንብ ያልተሠሩት ናቸው የሚያስቸግሩት።»

«ስህተቱን እንዳይጽፍ ከልክዪው እንግዲህ።»

«ይቻላል። በመዝገቡ ላይ ማጣሪያ ማድረግ አለ። ግን እሱ የሚያለቅስ ሕፃን አፍ እንደመያዝ ነው፤ ያለቀሰበት ነገር አይድንም። ፍሪጁ በእውነት የተበላሸ ቀን እኔም ሆንኩ እርስዎ አንሰማም።»

አጎትየው ተነሥተው ከመሳቢያ አንድ ደብተር አመጡ። ከመሃሉ ገጽ ገንጥለው ሁለት መስመር አሰመሩበትና የቤቱን ዕቃ በሦስት ረድፍ ይከፋፍሉ ጀመር። በሥራ ዘመናቸው የሕንፃ መስመር ሲዘረጉም በዚሁ መንገድ ነበር የሚጀምሩት፤ የትኛው መስመር ቢቋረጥ ማን ይጎዳል ብለው ጠይቀው።

በመጀመሪያው ረድፍ ዝም ማለት የሚፈቀድላቸው ገቡ፤ ቴሌቪዥኑ፣ ሪሲቨሩ፣ ፕሪንተሩና ቦይለሩ። እነዚህ ቀኑን ሙሉ ባይሰሙ ማንም ሊጨነቅ አይገባም። በሁለተኛው ረድፍ ዝም ማለት የማይፈቀድላቸው ተጻፉ፤ የፍሪጁ ሙቀት መለኪያ፣ ጣሪያ ላይ ያለው የውሃ ታንከር መለኪያና የኩሽናው ጭስ ጠቋሚ። ከእነዚህ አንዱ ዝም ካለ ዝምታው ራሱ ማስጠንቀቂያ ነው። በሦስተኛው ረድፍ ነገራቸው በሰዓቱ የሚወሰን ተቀመጡ። ራውተሩ ማታ ቢጠፋ ደንብ ነው፤ ከቀኑ 6 ሰዓት ቢጠፋ ግን ሊታይ ይገባዋል። የውሃ ፓምፑም ውሃ በሚመጣበት ቀንና በማይመጣበት ቀን እኩል አይታይም።

«አየሽ» አሉ፣ ወረቀቱን እያቀበሏት። «ያንቺ ፕሮግራም ለሁሉም አንድ ቃል ነው የሰጠው። የፕሪንተርና የጭስ ጠቋሚ ዝምታ አንድ ነው?»

«አይደለም። እኔም ስገጥመው ሁሉንም በአንድ ዓይን ነበር ያየሁት» አለች ልጅቷ፣ ወረቀቱን እያጠፈች።

ቀጥሎ የተነሣው ጥያቄ የመጀመሪያው ረድፍ ዕቃ በእውነት መጥፋቱ በምን ይታወቃል የሚል ነበር። ቴሌቪዥኑን መጠየቅ አይቻልም፤ ኃይል የለውም። ልጅቷ ከቦርሳዋ የሚያልፍበትን ዋት የሚለካ ስማርት ሶኬት አወጣች። የሚሰካው ግድግዳው ላይ ነው፤ ዲቫይደሩ የሚሰካው ደግሞ እሱ ላይ። አጎትየው የዲቫይደሩን ማጥፊያ ሲጫኑ ሶኬቱ በርቶ ይቆይና 0 ዋት ያነባል።

«አሁን ሦስት ነገር መለየት እንችላለን» አለች። «ሶኬቱ 0 ካለ፣ እርስዎ አጥፍተውታል፤ ፕሮግራሙም ‹አይገኝም› ማለቱን ትቶ ‹ጠፍቷል› ይላል። ሶኬቱ 80 ዋት እያነበበ ቴሌቪዥኑ ካልመለሰ፣ እውነተኛ ችግር አለ። ሶኬቱ ራሱ ዝም ካለ ደግሞ ነገሩ ከቴሌቪዥኑ በላይ ነው፤ ወይ መብራት የለም፣ ወይ ሶኬቱ ተነቅሏል።»

«ጠባቂው ራሱ አይበላም?»

«ይበላል፣ ጋሼ። 1 ዋት ገደማ ብንል በዓመት 8.76 ኪሎዋት ሰዓት ነው።»

አጎትየው በደብተሩ ጥግ ላይ ጻፉት። ከ87.6 ጋር አስተያይተው ራሳቸውን በይሁንታ ነቀነቁ። ወዲያው ግን እጃቸውን አነሡ። «ለምጣድ ግን እንዳታስቢው። ምጣድ 3,500 ዋት ከሳበ በ220 ቮልት ወደ 16 አምፔር ነው። 10 አምፔር የተጻፈበት ሶኬት ላይ ብትሰኪው ይቀልጣል። ቦይለሩም 2,000 ዋት ቢሆን 9 አምፔር ነው፤ ለ10ሩ ጥግ ደርሷል፣ ደግሞም ረጅም ሰዓት ነው የሚቆየው። ለእሱ በራሱ መስመር ላይ ኮንታክተር እገጥምልሻለሁ፤ ያንቺ ዕቃ ኮንታክተሩን ብቻ ትዘዘው።»

ሐሳቡን ወዲያው ተቀበለችው። እሷም በበኩሏ የቴሌቪዥኑን ማገናኛ በየጊዜው ከመጠየቅ አሳረፈችው። ሶኬቱ ከ5 ዋት በላይ ሲያነብ ፕሮግራሙ አንድ ደቂቃ ይታገሣል፤ ቴሌቪዥኑ ተነሥቶ ኔትወርኩን እስኪይዝ ማለት ነው። ከዚያ በኋላ ማገናኛውን እንደገና ይጭነዋል። ሳይበራ ማንም አይጠራውም። ለቴሌቪዥኑና ለፕሪንተሩም ራውተሩ ላይ ቋሚ አድራሻ ሰጠቻቸው። ራውተር ለዕቃ አድራሻ የሚሰጠው በውሰት ነውና ዕቃው ብዙ ቀን ጠፍቶ ከከረመ አድራሻው ለሌላ ይሰጣል፤ ማገናኛውም በድሮው አድራሻ ሌላ ዕቃ እያንኳኳ ይቀራል። ፕሪንተሩን በወር አንድ ጊዜ በሚያበሩ ሰዎች ቤት ይህ ተደጋግሞ ይታያል።

«የጽሕፈት ክፍሉን ኮምፒዩተር ከሜሪላንድ ሆነሽ አበራዋለሁ ብለሽኝ ነበር» አሉ አጎትየው። «አንድ ቀንም አልበራም።»

«ዌክ ኦን ላን የሚባል መንገድ ነው፤ ከ1990ዎቹ አጋማሽ ጀምሮ ያለ። 102 ባይት ብቻ የሆነ መልእክት ነው። መጀመሪያ 6 ባይት እንደ መጥሪያ ደወል ይመጣል፤ ከዚያ የኮምፒዩተሩ የኔትወርክ ካርድ መለያ ቁጥር 16 ጊዜ ይደጋገማል። ካርዱ የራሱን ቁጥር ሲሰማ ኮምፒዩተሩን ይቀሰቅሳል። ግን ለመስማት ጥቂት ኃይል ያስፈልገዋል። እርስዎ ከሶኬቱ ይነቅሉታል፤ የሚሰማ ጆሮ የለም ማለት ነው።»

«ታዲያ ለምን አበራዋለሁ አልሽኝ?»

«መንቀልዎን ስላልጠየቅኩ» አለች፣ አንገቷን ደፍታ።

ትልቁ ክርክር የሳሎኑ አምፖል ላይ ተነሣ። ስማርት አምፖል እ.ኤ.አ. በ2012 ፊሊፕስ ሂው ገበያ ላይ ሲወጣ ጀምሮ የሚያስቸግረው አንድ ነገር ነው፤ አምፖሉ ትእዛዝ ለመስማት ሁልጊዜ ኃይል ይፈልጋል፣ ሰው ደግሞ ሲወጣ ግድግዳው ላይ ያለውን ማጥፊያ ይጫናል። በዚህ ቤት እንግዳ ሁሉ ይጫነዋል፤ አጎትየውም ይጫኑታል።

ጉዳቱ ከአምፖሉ አልፎ ይሄዳል። በዚግቢ ሬዲዮ የሚሠሩ ዕቃዎች መልእክት የሚያደርሱት እየተቀባበሉ ነው። ኃይል ከመስመር የሚያገኝ አምፖል የሌላውን መልእክት ያስተላልፋል፤ በባትሪ የሚሠራ ሴንሰር ግን ኃይሉን ለመቆጠብ አያስተላልፍም፣ አንዱን አስተላላፊ «ወላጅ» አድርጎ ይጠጋል። የአጎትየው የታንከር መለኪያ የተጠጋው የሳሎኑን አምፖል ነበር። ሳሎኑ በጠፋ ቁጥር መለኪያው ወላጁን ያጣል። አንዳንዱ ሴንሰር ቶሎ ሌላ ወላጅ ይፈልጋል፤ አንዳንዱ ግን ለሰዓታት ተቆርጦ ይቆያል።

«ስለዚህ እኔ ሳሎን መብራት ሳጠፋ፣ አንቺ ጣሪያው ላይ ውሃ የለም ትያለሽ?»

«ውሃ ይኑር አይኑር አላውቅም ነው የምለው። ግን አዎ፣ ከዚያ ነው የሚመጣው።»

ማጥፊያው ላይ ፕላስተር ለጥፎ «አይነካም» ብሎ መጻፍ ብዙ ሰው የሚሞክረው መፍትሔ ነው። አጎትየው አልሰሙትም። «ቤት ሰውን ማገልገል አለበት። እንግዳዬ ማብሪያ ለመንካት ፈቃድ አይጠይቀኝም።»

«እሺ። አምፖሉን ተራ አምፖል እናድርገውና ብልሃቱን ከማጥፊያው ጀርባ እናስቀምጠው። ትንሽ ሪሌ ናት። ማጥፊያው ለሪሌዋ ምልክት ብቻ ይሰጣል፤ አምፖሉን የምታበራና የምታጠፋው እሷ ናት። ከስልክም ከግድግዳም ይታዘዛል፤ ሪሌዋ ግን ሁልጊዜ ኃይል አላት፣ መልእክትም ታስተላልፋለች።»

አጎትየው ማጥፊያውን ፈትተው በቴስተር ነካኩት። «ሪሌሽ ኒውትራል ትፈልጋለች?»

«ትፈልጋለች።»

«እዚህ የለም። በድሮ አሠራር ወደ ማጥፊያው የሚወርደው ፌዝና ወደ አምፖሉ የሚመለሰው ሽቦ ብቻ ነው። ነገር ግን ጀንክሽን ቦክሱ ውስጥ ኒውትራሉ አለ። እዚያ እናስቀምጣት።» ቆጣሪው ጋ ሄደው መስመሩን ዘጉ፤ መሰላል አመጡ። ሥራው ግማሽ ሰዓት አልፈጀም። የታንከሩ መለኪያ አዲስ ወላጅ አገኘ።

በመሃሉ ስለ ትዕግሥት ልክም ተነጋገሩ። በባትሪ የሚሠራ የበር ሴንሰር አብዛኛውን ጊዜውን በእንቅልፍ ያሳልፋል፤ በሩ ካልተከፈተ የሚናገረው ነገር የለውም። ዚግቢን ከሌላው ሥርዓት ጋር የሚያገናኘው ዚግቢቱኤምኪውቲቲ የተባለው ፕሮግራም ይህን አውቆ ሁለት ልክ አስቀምጧል። ከመስመር ኃይል የሚያገኝ ዕቃ 10 ደቂቃ ድምፁ ከጠፋ ይጠረጠራል፤ በባትሪ የሚሠራውን ግን 25 ሰዓት ይታገሠዋል።

«25 ሰዓት ለምን ሆነ?»

«በቀን አንዴ ብቻ ‹አለሁ› የሚል ሴንሰር ቢኖር፣ ትንሽ ቢዘገይ እንኳ ሳይደርስ እንዳይፈረድበት ይመስለኛል።»

አጎትየውን ከሁሉ ይልቅ የሳባቸው ግን ኑዛዜው ነው። ስማርት ዕቃዎች ከሚነጋገሩባቸው መንገዶች አንዱ ኤምኪውቲቲ ይባላል። የአይቢኤሙ አንዲ ስታንፎርድ ክላርክና አርለን ኒፐር እ.ኤ.አ. በ1999 የነዳጅ ቧንቧዎችን በሳተላይት ለመከታተል የነደፉት ነው። በረሃ ላይ ያለ ቧንቧ መስመሩ ቢቆረጥ ማን ይናገርለታል? መልሳቸው እንዲህ ነበር፤ ዕቃው ገና ሲገናኝ፣ ድንገት ብቀር ይህን ተናገሩልኝ ብሎ አንድ መልእክት ለሰርቨሩ በአደራ ይሰጣል። ባለሙያዎቹም የመጨረሻ ኑዛዜ ነው የሚሉት።

«ዕቃው በየ60 ሰከንዱ ድምፄን አሰማለሁ ብሎ ከተናገረ» አለች ልጅቷ፣ «ሰርቨሩ አንድ ተኩል እጥፍ ይጠብቀዋል፤ 90 ሰከንድ። ከዚያ ግንኙነቱን ይዘጋና ኑዛዜውን ያውጃል።»

«ተሰናብቶ የሄደውስ?»

«ተሰናብቶ ከሄደ ኑዛዜው ይሰረዛል፤ አይነበብም። ዕቃው ‹ደህና ሁኑ› ብሎ ከወጣ ሰርቨሩ እንደቀረ አይቆጥረውም።»

አጎትየው ለጥቂት ጊዜ ዝም አሉ። ከዚያ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ «ያን ሌሊት የደወልሽልኝ ለዚህ ነዋ!» አሉ። «ሳልሰናበት ስለ ሄድኩ።»

ልጅቷ አልመለሰችም። ላፕቶፑን ዘጋችው።

«አንድ ነገር ልንገርሽ» ቀጠሉ አጎትየው። «ራውተሩን ሳጠፋ ለመብራቱ ብቻ ብዬ አይደለም። በሬን መዝጋቴ ነው። ሰው ማታ በሩን ይዘጋል። ደህና መሆኔን እንድታውቂ እፈልጋለሁ፤ ስንት ጊዜ ተነሥቼ ውሃ እንደጠጣሁ ግን እንድታዪ አልፈልግም።»

«እውነትዎን ነው። የኮሪደሩን የእንቅስቃሴ ሴንሰር ከእኔ ገጽ ላይ አወጣዋለሁ። እዚሁ ቤት ውስጥ መብራት ያብራ እንጂ ወደ እኔ አይድረስ።»

«ራውተሩስ?»

«ማታ ይጥፋ። ግን ሳይሰናበት አይጥፋ።»

ከዚያ የሠሩት ነገር ቀላል ነው። አልጋው ራስጌ ላይ በባትሪ የምትሠራ አንዲት የዚግቢ ቁልፍ ተለጠፈች። አጎትየው ሲጫኗት ራስበሪ ፓይዋ መጀመሪያ ወደ ሜሪላንድ አንድ መስመር መልእክት ትልካለች፤ 20 ሰከንድ ትጠብቅና የዲቫይደሩን ስማርት ሶኬት ታጠፋለች። ራውተሩ፣ ቴሌቪዥኑና ሪሲቨሩ አብረው ይጠፋሉ። ቁልፏና ሶኬቱ በዚግቢ ስለሚነጋገሩ ዋይፋይ አያስፈልጋቸውም። ጠዋት 12 ሰዓት ላይ ሶኬቱ ራሱ ይበራል። ሌሊቱን ሙሉ ፓይዋ የፍሪጁንና የታንከሩን ነገር በራሷ ትመዘግባለች፤ ጭስ ካየች ግን ራውተሩን መልሳ አብርታ ትጮኻለች።

የቀረው የመብራት መሄድና መምጣት ነበር። መብራት ሲመለስ ስማርት ዕቃዎች ሁሉ በአንድ ጊዜ ይነሣሉ፤ አንዳንዱ አምፖል ሌሊት 9 ሰዓት ላይ ሙሉ በሙሉ ይበራል። ፊሊፕስ ሂው እንኳ ኃይል ሲመለስ ምን ልሁን የሚለውን ምርጫ ለተጠቃሚው የሰጠው እ.ኤ.አ. በ2018 መጨረሻ ላይ ነው። ፕሮግራሙም በበኩሉ ሊሳሳት ይችላል። «ቴሌቪዥኑ ሲበራ የሳሎኑን መብራት ቀንስ» ተብሎ ከታዘዘ፣ ከ«አይገኝም» ወደ «በርቷል» የተለወጠውንም እንደ ማብራት ይቆጥረዋል። ልጅቷ ትእዛዞቹን አንድ በአንድ እየከፈተች፣ ከ«አይገኝም» የመጣ ለውጥ ማንንም እንዳያንቀሳቅስ አደረገች። መብራት በተመለሰ በመጀመሪያዎቹ 5 ደቂቃዎች ውስጥም ምንም ነገር በራሱ እንዳይነሣ ከለከለች፤ ቦይለሩን በተለይ።

አጎትየው ከጓዳ፣ መብራት ሲሄድ በባትሪው ኃይል የሚሰጥ አንድ ትንሽ ዩፒኤስ አወጡ። ፓይዋንና ራውተሩን እሱ ላይ ሰኩ፤ ዩፒኤሱን ደግሞ ከዲቫይደሩ ጋር እንዳይጠፋ በሌላ ሶኬት።

«ቆይ፣ ጋሼ። ራውተሩ ዩፒኤስ ላይ ከሆነ በዲቫይደሩ አይጠፋም።»

«ከዩፒኤሱ በኋላ የራሱን ስማርት ሶኬት ስጪው። ቁልፏ ሁለቱን ትዘጋለች።»

ልክ ነበሩ። ፓይዋ ያለ ዩፒኤስ በድንገት በጠፋች ቁጥር እየጻፈችበት ያለው ካርድ ሊበላሽ ይችላል፤ ያኔ የቤቱ መዝገብ ሁሉ ይሄዳል። አሁን ግን ዩፒኤሱ በዩኤስቢ ገመድ ለፓይዋ ይነግራታል፤ ከመስመር ኃይል መቋረጡን ሰምታ፣ ቀጥሎ የሚጠፋውን ዕቃ ሁሉ በአንድ ምክንያት ትጠቀልለዋለች።

ፈተናው በራሱ ጊዜ መጣ። ከምሽቱ 2 ሰዓት ተኩል ላይ መብራት ሄደ። ሰፈሩ ጨለመ፤ አጎትየው ሻማ ፍለጋ ተነሡ። ልጅቷ ሜሪላንድ እንዳለች ሆና ለማየት የስልኳን ዋይፋይ አጥፍታ በዳታ ተቀመጠች። ድሮ ቢሆን የዕቃው ዝርዝር በ«አይገኝም» ይሞላ ነበር። አሁን የደረሳት አንድ መስመር ነው፤ «መብራት ሄዷል፣ 2፡31። ፍሪጅ 4 ዲግሪ። ታንከር ግማሽ።» ከ40 ደቂቃ በኋላ ሲመለስም አንድ መስመር ብቻ መጣ። የሳሎኑ አምፖል ባለበት ቆየ፤ ቦይለሩም አልተነሣም።

4 ሰዓት ሲሆን አጎትየው ደህና እደሪ ብለዋት ወደ መኝታቸው ገቡ። ልጅቷ ሳሎን ውስጥ ስልኳን ይዛ ቀረች። ከጥቂት ደቂቃ በኋላ ስልኳ አንድ ጊዜ ተንቀጠቀጠ፤ «ጋሼ ቤቱን አሳድረዋል፣ 4፡07። ደህና እደሪ።» ሶኬቱ ቀጭ አለ። የራውተሩ አረንጓዴ መብራቶች ጠፉ። የቤቱን ገጽ ለመክፈት ሞከረች፤ እንደዚያ ቀን አልከፈት አላት።

«ደረሰሽ?» አሉ አጎትየው ከመኝታ ቤት።

«ደረሰኝ፣ ጋሼ» አለችና ስልኳን ጠረጴዛው ላይ በደረቱ አስተኛችው።